ከመዝገብ የወጡት ሃያ ሦስት

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና ከቅሬው ልጀምር። መካነ ሰላም ውስጥ የኛ ሰፈር ቅሬ፣ ሌላው አገር እድር የሚለው፣ አንድ ነው፤ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም አብሮ ይቀብራል። ሰው ሲሞት ወንዱ ወደ መቃብር፣ ሴቱ ወደ ለቅሶ ቤት ይሄዳል። የቀረ ይቀጣል። ድሮ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለውና ጎትተው ነበር ለቅሶ የሚደርሱት። አንድ ቀን አንድ ሕፃን የንፍሮ ድስት ውስጥ እጁን ከቶ ተቃጠለ። ያን ጊዜ ቅሬው ተሰበሰበና ድንኳንና ድስት የሚያስቀምጥበትን ቤት ግማሹን ለቀቀ፤ «በለቅሶ ቀን አንዲት ሴት ቀርታ ልጅ ትያዝ» ተብሎም ተወሰነ። ያቺ ሴት እኔ ነኝ፣ አሰጋሽ። በለቅሶ ቀን ከለቅሶ ቀርቼ የማልቀጣ እኔ ብቻ ነኝ።

ቀስ በቀስ የገበያ ሴቶች «በለቅሶ ቀን ብቻ ለምን?» ማለት ጀመሩ። ልጅ እኮ በለቅሶ ቀን ብቻ አይደለም የሚያስቸግረው። ሽንኩርት የምትቸረችረው፣ ውኃ የምትቀዳው፣ ኮብልስቶን የምትጠርበው ሁሉ ጠዋት ጠዋት ልጇን እያመጣች ደጄ ላይ ትቆም ጀመር። እንዲህ እንዲህ እያልን መዋዕለ ሕፃናት ሆንን። ፈቃድ ወጣልን፣ ታፔላ ተሰቀለልን፣ ከማሉዲን የሚባል ዲፕሎማ ያለው የሰፈራችን ልጅ ኃላፊ ሆኖ ተቀጠረ፣ ሰርተፊኬት ያላቸው ሁለት ልጃገረዶችም ማስተማር ጀመሩ። ልጆቹ ከአልጋ ሲነሱ ከሚያዩት ሰው ቀጥሎ የሚያዩት ፊት ግን የኔው ነበር።

በ2006 ዓ.ም. ኢንስፔክሽን የሚባል መጣ። ሃያ ምናምን መስፈርት ይዘው መጥተው፣ ለክተው፣ ጠይቀው ሄዱ። ከወር በኋላ ደብዳቤ ደረሰን፤ «ደረጃ 1» ይላል። የቅሬው ዳኛ ጋሽ ፈንታው መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡትና «አንደኛ ወጣን!» አሉ። ከዚያ በፊት ቅሬያችን በምንም ነገር አንደኛ ወጥቶ አያውቅም። በግ ታረደ፣ እኔም ጉሮሮዬ እስኪደርቅ እልል አልኩ። ከማሉዲን ወረዳ ስብሰባ ላይ ነበር፤ ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። ለካ ደረጃው ከአንድ እስከ አራት ነው፣ የሚሻለው አራት ነው፣ እኛ መጨረሻ ነን። በጉ ግን ተበልቷል።

ደብዳቤው ሌላም ነገር ይል ነበር። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና አንድ ካገኘን ፈቃዳችን ይነጠቃል።

በሚቀጥለው ዓመት ኢንስፔክሽኑ ሊመጣ አንድ ሳምንት ሲቀረው ከማሉ እንቅልፍ አጣ። ከአንድ የግል መዋዕለ ሕፃናት አርባ አንድ ወንበር ተዋሰ። ከሌላው የላስቲክ ሸርተቴ ተዋሰ። ግድግዳውን በፍራፍሬ ሥዕል ሞላው፤ ከሥዕሎቹ ግማሹን ፍሬ እንኳን ልጆቹ እኔም አላውቀውም። አይቼ አለፍኩት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ ወንበሩ የማን እንደሆነ ልጆቹ ራሳቸው ያውቃሉ። ዓርብ ከሰዓት ልጆቹ ሲሄዱ ከማሉ በሩ ላይ ጠበቀኝ።

«እትዬ አሰጋሽ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት።»

«ተናገር።»

«ማክሰኞ ኢንስፔክሽን ነው። ለአንድ ቀን ቤትዎ ይረፉ።»

«ማን ደከመኝ አለህ?»

«ደክሞዎት አይደለም። ልጅ የሚይዝ ሁሉ የትምህርት ማስረጃ ይኑረው ይላል መስፈርቱ። እርስዎ ደግሞ...»

«እኔ ደግሞ መሠረተ ትምህርት።»

ጫማውን አየ። «ወላሂ ለቤቱ ብዬ ነው።»

ይህንን ዋጥኩት። በራሴ የመጣ ነገር ነው፤ ሽበት ሲመጣ ብዙ ነገር መዋጥ ይለመዳል። እሱ ግን አልጨረሰም።

«ክፍሉ የሚበቃው ለአርባ አንድ ልጅ ነው፣ ባለፈው ለክተውታል» አለኝ። «እኛ ስልሳ አራት ነን። ስለዚህ ሃያ ሦስቱም ያን ቀን ይረፋሉ።»

«አገሩን ሁሉ አሳረፍከው በለኛ!»

«ከመዝገብም... አውጥቻቸዋለሁ። ለጊዜው።»

«የትኞቹን?»

«ዩኒፎርም ያላሰፉትን።»

ደሜ ፈላ። ዩኒፎርም ያላሰፉት እነማን እንደሆኑ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ይህ ቤት የተከፈተው ለነሱ ነው! የኑርጃን ልጅ ሀዲያ አለችበት። ኑርጃን ኮብልስቶን ጠራቢ ናት። እኔ አንድ ሳምንት ታምሜ በቀረሁ ጊዜ ልጅቷን የድንጋይ ክምሩ ጥግ አስቀምጣ ስትሠራ ሰንብታ ነበር፤ ድኜ ስቀበላት ከጸጉሯ ውስጥ የድንጋይ ፍንካች ስለቅም ነው የዋልኩት። ጠልሐም አለበት፤ እናቱ ውኃ ቀጂ ናት፣ እሱ ደግሞ ጀሪካን ከመጎተት ሌላ ጨዋታ አያውቅም ነበር፣ እዚህ እስኪመጣ።

«እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው ማለት ይኸው ነው» አልኩት።

«እትዬ፣ አንድ ካገኘን ቤቱ ለስልሳ አራቱም ይዘጋል። ያኔስ ሀዲያ የት ትውላለች?»

እውነቱን ነው። እውነት መሆኑ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። ቅዳሜ እናቶቹን ራሱ እየዞረ ነገራቸው። አንዳቸውም አልተቆጡም። ራሳቸውን ነቅንቀው «እሺ» ብቻ አሉ፤ ገና ሳይነገራቸው የሚያውቁት ይመስል።

ማክሰኞ ገና ሳይነጋ የቅሬው ለፋፊ ድምፅ ቀሰቀሰን። ሸህ ዑበይዳ ሞተዋል፣ ቀብሩ ከዙህር ሶላት በፊት ነው። የሰፈሩን ልጅ ግማሹን ቁርኣን ያቀሩት እሳቸው ናቸው። ክርስቲያኑም ቢሆን ልጁ ሲታመም ዱኣ አድርጉልኝ ብሎ ደጃቸው ያልቆመ የለም። ፊቴን ታጠብኩ፣ መቀነቴን አሰርኩ፣ ቁልፌን አነሳሁ። ኢንስፔክሽኑ የመንግሥት ቀን ነው፤ የለቅሶ ቀን ግን የኔ ነው፤ ቅሬው የሰጠኝን ቀን ዲፕሎማ አይነጥቀኝም!

ስደርስ ከማሉ የተተኮሰ ኮቱን ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል። ዓይኑ አብጧል። እሱም ከሸሁ ሥር የቀራ ደረሳ ነበር።

«እትዬ፣ ዛሬ አይሆንም» አለኝ።

«ዛሬ ነው እንጂ የሚሆነው።»

ሴቶቹ መምጣት ጀመሩ። በለቅሶ ቀን ልማዱ የታወቀ ነው፤ የቤቱ ልጅ ብቻ ሳይሆን ታላቁም ታናሹም ይመጣል። ዩኒፎርም የለበሱት መጡ፣ ያልለበሱት መጡ፣ እነሱ ያዘሏቸውና የሚጎትቷቸው መጡ። ከማሉ በሩን በሁለት እጁ ይዞ «ዛሬ ዩኒፎርም ያላቸው ብቻ፣ እባካችሁ፣ ዩኒፎርም ያላቸው ብቻ» ይላል። ኑርጃን ሀዲያን ይዛ ፊቱ ቆመች።

«ከማሉ፣ ሸሁ ቤት ነው የምሄደው። የት ልጣላት?»

እጁን ከበሩ አወረደ። ሁሉም ገቡ።

«አንተስ ቀብር አትሄድም?» አልኩት።

«እንግዶቹ ቢመጡ ማን ይቀበላቸዋል?»

«ያቀሩህ ሸህ ሞተው አንተ ወንበር ትጠብቃለህ?»

ቃሉ ካፌ ከወጣ በኋላ ቆጨኝ። ልጁ ከንፈሩን ነከሰና ወደ ግድግዳው ዞረ። ሁለቱ አስተማሪዎች ለቅሶ ቤት ሄደዋል፤ ቢቀሩ ቤተሰባቸው ይቀጣል። ስለዚህ እኔና እሱ፣ ከዚያ ሁሉ ልጅ ጋር ቀረን።

ሦስት ሰዓት ላይ ከዞን የመጡት ደረሱ። አንደኛው ሜትር የያዘ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ዋናዋ መቅደላዊት የምትባል ወጣት ናት። ትሕትናዋ ደስ ይላል፤ ጫማዋን በር ላይ ጠርጋ ነው የገባች። የተዋስናቸውን ወንበሮች መላወሻ ስላሳጡኝ ከግድግዳ ጋር ደራርቤያቸዋለሁ፤ ልጆቹ መሬት ላይ ክብ ሠርተው እያጨበጨቡ ይዘፍናሉ። ሰውየው ክፍሉን ሲለካ ጠልሐ የሜትሩን ጫፍ ያዘና አልለቅም አለ። ሰውየው በዚያው ለካ።

መቅደላዊት እያንዳንዱን ነገር ጠየቀች። ሽንት ቤቱን አየች፣ የውኃ በርሜሉን ከፍታ አሸተተች። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«እማማ፣ እርስዎ ማን ነዎት?»

ከማሉ ቀደመኝ። «ጎረቤት ናቸው። ዛሬ ለቅሶ ስላለ ሊያግዙን...»

«ጎረቤት አይደለሁም» አልኩ። «ልጅ ያዥ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመቴ።»

«የትምህርት ደረጃዎስ?»

«መሠረተ ትምህርት። ወረቀቱን አይጥ በልቶታል።»

ጻፈች። የሣቀች መሰለኝ፤ ግን ጻፈች። ከዚያ ልጆቹን ቆጠረች። ዘጠና ሁለት ሆኑ። እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ አስተኛችና ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረች።

«አቶ ከማሉዲን፣ ይህንን ቁጥር ከጻፍኩት ሌላውን መመዘን አያስፈልገኝም። ያለቀለት ነው።»

ከማሉ ላቡ በግንባሩ ወረደ።

«ግን ስንገባ የለቅሶ ቀን መሆኑን አይተናል» አለች። «እኔም የወሎ ልጅ ነኝ፣ የቀብር ቀን እንዴት እንደሆነ አውቃለሁ። በእንግዳ አልመዝናችሁም። በመዝገብ ያሉትን ይጥሩልኝ፤ የተጠራው ይቆጠራል፣ ያልተጠራው እንግዳ ነው።»

መልካም ልጅ ናት፣ አልዋሽም። ከዚህ የበለጠ ማንም ሊያደርግልን አይችልም ነበር። ከማሉ ትንፋሹ ተመለሰ። መዝገቡን ከመክፈቱ በፊት ግን ወደኔ አየ። ዓይኑ ለመነኝ።

መጥራት ጀመረ። የተጠራው ተነሥቶ «አቤት!» ይላል፤ እንዲህ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ዩኒፎርም የለበሱት እየተነሡ ወደ አንድ ጎን አለፉ። ያልለበሱት ደግሞ ተራቸውን ጠበቁ፣ ስማቸው እንደሚጠራ አልተጠራጠሩም። ሀዲያ በየስሙ ከወገቧ ከፍ ትልና ስሙ የሷ አለመሆኑን ስትሰማ መልሳ ትቀመጣለች። ይህንን አርባ አንድ ጊዜ አደረገችው። ከማሉ መዝገቡን ዘጋ።

«እኔስ?» አለ ጠልሐ።

ከማሉ እንዳልሰማ ሆነ።

«ጋሼ፣ እኔስ?»

በኋላ «አሰጋሽ ነገሩ ሳይገባት ነው» ያሉ አሉ። ገብቶኛል! ዝም ካልኩ ቤቱ ይተርፋል፣ ታፔላው ይቆያል፣ ሀዲያም ነገ ተመልሳ ትመጣለች። ይህ ሁሉ ገብቶኛል። ግን በዓመቱ ደግሞ ይመጣሉ፣ በዓመቱ ደግሞ እንደብቃቸዋለን፣ ልጆቹም ሰው ሲመጣ የሚደበቁ መሆናቸውን እየለመዱ ያድጋሉ። እናቶቻቸው ለምደውት የለ? ያ «እሺ» ያሉት ከየት የመጣ ይመስላችኋል?

«ጠልሐ!» አልኩ ጮክ ብዬ።

«አቤት!»

«አፍናን!»

«አቤት!»

«ሀዲያ!»

ሀዲያ ብድግ አለች። ድምፅዋ አልወጣም፣ ግን ቆማ ነበር። እኔ መዝገብ የለኝም። በጠዋት በር ላይ የምቀበላቸው በየእናታቸው ነው፤ ከሽንኩርት ተራ እስከ ውኃ ቦኖ፣ ከቦኖ እስከ ድንጋይ መጥረቢያው እናቶቹን በሐሳቤ እየዞርኩ የልጆቹን ስም ጠራሁ። ስጨርስ ሃያ ሦስቱም ቆመው ነበር።

«እማማ፣ እነዚህ እነማን ናቸው?» አለች መቅደላዊት።

«የኛ ናቸው። የቀብር እንግዶቹ እነዚያ ጥግ ያሉት ናቸው፤ እነሱን አትቁጠሪ፣ እውነትሽን ነው። እነዚህን ግን በየቀኑ እኔ ነኝ የምይዛቸው።»

ወደ ከማሉ ዞረች። «እውነት ነው?»

አሁን ነገሩ በሱ እጅ ነበር። «አሮጊት ናቸው፣ ተሳስተው ነው» ማለት ይችላል። ቢል ማን ይከራከረዋል? ወረቀቱ ያለው እሱ ጋ ነው። ልጆቹ ሁሉ ቆመው ያዩታል። መዝገቡን ከአንዱ ብብቱ ወደ ሌላው አዛወረ።

«እውነት ነው» አለ። «ስልሳ አራት ነን። ከመዝገብ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ። ወንበሮቹም የኛ አይደሉም።» ቀጥሎም ጨመረ፦ «ይቅርታ አድርጉልኝና ያለኔ ሥራችሁን ቀጥሉ። የሸሄ ቀብር ሊያመልጠኝ ነው።»

ከነኮቱ ሮጠ።

መቅደላዊት ቀሪውን ከኔ ጋር ጨረሰች። በመጨረሻ ወረቀቱን አዙራ የምፈርምበትን ቦታ አሳየችኝ። ቁጥሩን ፈልጌ አየሁት፣ ስልሳ አራት ይላል። ፈረምኩ።

«እማማ፣ ዝም ቢሉ ኖሮ እኮ...» አለችኝ ቀስ ብላ።

«አንቺ ልጅ፣ ጓደኞችሽ ተጠርተው አንቺ ሳትጠሪ ቀርተሽ ታውቂያለሽ?»

ጥግ የተቀመጡትን ልጆች ጭንቅላት እየነካች ወጣች።

ደብዳቤው ከወር በኋላ መጣ፤ ያው አንድ። ፈቃዱ ተሰርዟል፣ ታፔላው ይውረድ ይላል። ቅሬው ተሰብስቦ ቀኑን ሙሉ ተጨቃጨቀ። አስቻለች የምትባል፣ ልጇ ዩኒፎርም ካሰፉት አንዱ የሆነ እናት፣ ተነሥታ ጣቷን ቀሰረችብኝ።

«ለሃያ ሦስት ልጅ ብለሽ የኔን ልጅ ሰርተፊኬት አሳጣሽው! አንቺ ማን ነሽና?»

እውነቷን ነው፤ አሳጥቼዋለሁ። ይቅርታ ግን አልጠየቅኩም። «ልጅሽ ይምጣ፣ እይዘዋለሁ» አልኳት። አላመጣችውም። አሥራ አንድ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ወደሌላ ሄደ፤ ሁለቱ አስተማሪዎችም ሄዱ። በዓይኔ እያየሁ ያሳደግኳቸው ልጆች ናቸው፣ አለቀስኩ። ጋሽ ፈንታው ማምሻውን ብድግ ብለው ፈረዱ።

«ፈቃዱን የሰጠ መንግሥት ነው፣ ወሰደ። ቤቱን የሰጠ ግን ቅሬው ነው። ቅሬው ሲሰጥ ደግሞ ሜትር አልያዘም» አሉ።

ታፔላው በወረደ ማግስት ጠዋት በሰዓቴ ከፈትኩ። ልጆች መግባት ጀመሩ። ኑርጃን መዶሻዋን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ ሀዲያን ይዛ፣ በሩ ጋ ስትደርስ ከማሉ መጣ። ኮቱን አልለበሰም። መዝገቡን በብብቱ ይዟል።

«ወረዳው መዝገቡን አስረክብ ብሎኛል» አለኝ።

«እና ታዲያ?»

«ሳላስረክብ ልሙላው።»

ወንበሮቹ ተመልሰዋል፤ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ መዝገቡን ጭኑ ላይ ዘረጋ። ከአርባ አንድ ቀጥሎ አርባ ሁለት ብሎ ጻፈ።

«ስም?»

«ሀዲያ» አልኩ።

«የአባት ስም?»

ኑርጃን ወደ መንገዱ ዞራ ቆመች። ሰውየው ጅዳ ከሄደ በኋላ «የኔ አይደለችም» ብሎ ልኮባታል፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ከማሉም ያውቃል።

«ኑርጃን» አልኩት።

«እትዬ፣ ቦታው እኮ የአባት ስም ነው የሚለው።»

«ቦታውን ማን ጠየቀህ? ይቺን ልጅ ድንጋይ እየጠረበች የምታሳድግ ማን ናት? ጻፍ!»

ቀና ብሎ ኑርጃንን አያት። ከዚያ አጎንብሶ፣ በእስክሪብቶ፣ ሀዲያ ኑርጃን ብሎ ጻፈ። እኔም የአርባ ሦስተኛውን ስም ነገርኩት።